ዱቄት ሞልቶ እንጀራ ሲታጣ፦ ስለ ቫይታሚን ዲ፣ ስለ ኢንዛይምና ስለ ኩላሊት የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ጉዳያችን ቫይታሚን ዲ ነው። ስሙን ያልሰማ ሰው በከተማችን ማግኘት ይቸግራል። ወገቡን ያመመው፣ ፀጉሩ የሳሳበት፣ ጠዋት ከአልጋው መነሣት ያቃተው ሁሉ «ቫይታሚን ዲ አንሶብህ ይሆናል» ይባላል። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ጠርሙሱ ከሽቶውና ከጫማው ጋር አብሮ ይወጣል። የኩላሊት ሕሙማን ቤተሰቦች ደግሞ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ቫይታሚን ዲ ኩላሊትን ያድናል ይባላል፤ ለአባታችን ብንሰጠውስ?»

ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ስለዚህ ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል። ነገሩ ተገልብጦ ነው የተነገራቸው። ቫይታሚን ዲ ለኩላሊት ከሚያደርገው ይልቅ ኩላሊት ለቫይታሚን ዲ የሚያደርገው እጅግ ይበልጣል። ኩላሊት ከደከመ የዋጥነው ቫይታሚን ዋና ሥራውን መሥራት ይሳነዋል፤ ከልክ በላይ የወሰድነው ደግሞ ጤነኛውን ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል ቆመው ሥራውን የሚያስኬዱትና የሚያቆሙት ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይም በሰውነታችን ውስጥ አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው፤ ያለ እርሱ ለውጡ ወይ ጭራሽ አይካሄድም ወይም ለሕይወት በማይበቃ ዝግታ ይካሄዳል። ዛሬ በእነዚህ ኢንዛይሞች ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራቸውን የተረዳ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ጢስ በሸፈናቸው የአውሮፓ ከተሞች እግራቸው የጎበጠ፣ ደረታቸው የተጣመመ ሕፃናት በየሰፈሩ ነበሩ። በ1919 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ በውሾች ላይ ባደረገው ምርምር ይህ ሪኬትስ የሚባለው በሽታ ከምግብ ጉድለት እንደሚመጣ፣ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይትም እንደሚከላከለው አሳየ። በዚያው ዓመት በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ሪኬትስ የያዛቸውን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት አዳነ። አንድ በሽታ በዘይትም በብርሃንም መዳኑ ለጊዜው ግራ አጋባ። ኋላ ሲደረስበት ቆዳችን ውስጥ ያለ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ራሱ ቫይታሚን ዲ እንደሚሆን ታወቀ። በዚህ መስክ የደከመው ጀርመናዊው አዶልፍ ቪንዳውስ በ1928 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ሳይንቲስቶች ግን ለብዙ ዓመታት አንድ ነገር አላወቁም ነበር። ቫይታሚን ዲ ራሱ፣ ከቆዳም ይምጣ ከክኒን፣ ከእንቁላል አስኳልም ይምጣ ከዓሣ፣ ገና ጥሬ ነው። ሁለት ጊዜ መለወጥ አለበት። የመጀመሪያው ለውጥ የሚካሄደው ጉበት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለ ኢንዛይም ካልሲዲዮል ወደሚባል ውሁድ ይለውጠዋል። ካልሲዲዮል በደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ብዙ ሥራ ግን አይሠራም። ሁለተኛው ለውጥ በዋናነት የኩላሊት ድርሻ ነው። ሊቃውንቱ አንድ አልፋ ሃይድሮክሲሌዝ የሚሉት ኢንዛይም ካልሲዲዮልን ተቀብሎ ካልሲትሪዮል ያደርገዋል። ካልሲትሪዮል ዕድሜው በሰዓታት የሚቆጠር፣ በጥቂቱ ብዙ የሚሠራ ሆርሞን ነው።

በጓዳችን ነገር ልግለጸው። ቆዳ ጤፉን ያመርታል፤ ጉበት ፈጭቶ ዱቄት ያደርገዋል፤ ኩላሊት እንጀራ አድርጎ ይጋግረዋል። ዱቄት ተቀምጦ ይቆያል፣ እንጀራ ለዕለቱ ነው። ሰውነት የሚጠግበውም በእንጀራው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ስለ ደም ምርመራ ስናወራ እንመለስበታለን።

የኩላሊትን ድርሻ ያረጋገጡት በካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ፍሬዘርና ኢጎን ኮዲቼክ ናቸው። በ1970 ኩላሊታቸው የወጣ አይጦች ንቁውን ውሁድ፣ ማለትም ካልሲትሪዮልን፣ መሥራት እንደማይችሉ አሳዩ፤ የተፈጨ የኩላሊት ሥጋ ግን በብልቃጥ ውስጥ ሳይቀር ሠራው። በቀጣዩ ዓመት የካልሲትሪዮል ኬሚካዊ ቅርጽ ታወቀ። በዚህም ኩላሊት ደም ከማጣራት ባሻገር ይህን ሆርሞን የሚያመርት አካል መሆኑ ተረጋገጠ። የኩላሊት ሕሙማን አጥንት ለምን እንደሚሳሳ፣ ቫይታሚን ዲ በብዛት ቢሰጣቸውም ለምን እንደማይሻላቸው ያኔ ግልጽ ሆነ። በ1978 በአሜሪካ ካልሲትሪዮል ለኩላሊት እጥበት ሕሙማን መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ከላቦራቶሪ አይጥ እስከ ሕሙማን አልጋ በ8 ዓመት መድረስ በሕክምና ታሪክ ፈጣን የሚባል ነው።

ካልሲትሪዮል ምን ይሠራል? ወደ ሕዋሱ ኒውክለስ ዘልቆ ከተቀባዩ ጋር ይጣመርና ጂኖችን ያዝዛል፤ አንዳንዱ ፕሮቲን እንዲመረት፣ አንዳንዱ እንዲቆም። ትልቁ ሥራው አንጀት ላይ ነው። ያለ እርሱ አንጀታችን ከምንበላው ካልሲየም ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ ያህሉን ብቻ ይወስዳል፤ እርሱ ሲኖር 30 እስከ 40 ይደርሳል። ይህ ልዩነት የሕፃን እግር ቀጥ ብሎ ማደግና መጉበጥ ማለት ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ክፍል ልግባበት። ኩላሊት ያገኘውን ዱቄት ሁሉ አይጋግርም፤ ሰውነት ያዘዘውን ያህል ብቻ ነው። ትእዛዙ ከሦስት ወገን ይመጣል። በደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ በአንገታችን ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉት አራት ትናንሽ እጢዎች ሆርሞን ይረጫሉ፤ ይህ ሆርሞን ኩላሊት ደርሶ ካልሲዲዮልን ካልሲትሪዮል የሚያደርገውን ያንን አንቂ ኢንዛይም «ሥራ ጨምር» ይለዋል። ፎስፌት ሲበዛ ደግሞ ከአጥንት ኤፍጂኤፍ 23 የሚባል ሌላ ሆርሞን ይወጣል፤ ይኸኛው አንቂውን ኢንዛይም ያስቆማል፣ ትርፉ ፎስፌትም በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። የታወቀው በ2000 ነው፤ አጥንት ለኩላሊት ትእዛዝ ይልካል ብሎ ከዚያ በፊት ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር። ሦስተኛው አዛዥ ካልሲትሪዮል ራሱ ነው። ሲበዛ የራሱን አምራች ኢንዛይም ይገታል፤ በዚህም ሳያበቃ ራሱን የሚያፈርስ ሌላ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። ይህ አፍራሽ ኢንዛይም ካልሲትሪዮሉንም ካልሲዲዮሉንም ሰባብሮ ወደማይሠራ ቅሪት ይለውጣል።

እኔ በዚህ አሠራር ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ሰውነታችን ሠሪውንም አፍራሹንም ጎን ለጎን ያኖረው ካልሲትሪዮል ብርቱ ስለሆነ ነው። ካልሲየም ትንሽ ሲጎድል ጡንቻ ይኮማተራል፣ ትንሽ ሲበዛ አእምሮ ይደነዝዛል፣ የልብ ምት ይዛባል። እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ጠባቂ መተው አይቻልም።

ጠባቂው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የእንግሊዝ ሕፃናት ታሪክ ያስተምረናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሪኬትስን ለማጥፋት ሲባል የሕፃናት የዱቄት ወተትና ገንፎ በቫይታሚን ዲ ይበለጽግ ነበር፤ በዚያ ላይ የዓሣ ጉበት ዘይት ይታደል ነበር። ሁሉም ሲደመር አንዳንዱ ሕፃን በቀን እስከ 4,000 ዩኒት ያገኝ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞች እንግዳ በሽታ ማየት ጀመሩ፤ የሚያስመልሳቸው፣ የማያድጉ፣ ውኃ የሚጠማቸው፣ ደማቸው በካልሲየም የተሞላና ኩላሊታቸው የተጎዳ ሕፃናት። ጥቂቶቹ ሞቱ። በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ መጠኑ ሲቀነስ ሕሙማኑም ቀነሱ። ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ያንኑ ወተት የጠጡ እልፍ ሕፃናት ደኅና ሆነው ሳለ እነዚህ ለምን ታመሙ? መልሱ የተገኘው በ2011 ነው። እንዲህ ዓይነት በሽታ ባለባቸው ቤተሰቦች ውስጥ የአፍራሹ ኢንዛይም ጂን የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ለሌላው የሚበቃው መጠን ለእነርሱ መርዝ ነበር። አንዳንዶች ይህን ጉድለት ይዘው ሳያውቁ አድገው፣ ጎልማሳ ሲሆኑ በተደጋጋሚ የኩላሊት ጠጠር ይታወቅባቸዋል።

ተቃራኒውም አለ። በ1961 የስዊዙ ሐኪም አንድሬያ ፕራደር በቂ ቫይታሚን ዲ እያገኙ ሪኬትስ የያዛቸውን ልጆች ገለጸ። በ1997 የነዚህ ልጆች አንቂ ኢንዛይም ጂን የተበላሸ መሆኑ ታወቀ። ኩላሊታቸው ደም በደንብ ያጣራል፣ ዱቄቱ ሞልቷል፣ የሚጋግር ኢንዛይም ግን የለም። ለእነዚህ ልጆች ካልሲትሪዮሉን ራሱን በጥቂቱ በየቀኑ መስጠት ያድናቸዋል። እናቶቼ፣ ለሪኬትስ ቫይታሚን ዲ በትክክል ተሰጥቶት ያልተሻለው ልጅ ካያችሁ «መርፌው አልሠራም፣ ይደገም» አትበሉ። ኩላሊቱና ደሙ ይመርመር በሉ።

ወደ ኩላሊት ሕመም እንምጣ። በስኳር፣ በደም ግፊት ወይም በሌላ ምክንያት ኩላሊት ቀስ በቀስ ሲደክም ፎስፌት ማስወጣት ይከብደዋል። አጥንት ይህን ተረድቶ ኤፍጂኤፍ 23 ይልካል፤ የፎስፌቱ መጠን በደም ምርመራ ላይ ገና ትክክል መስሎ ሳለ ይህ ሆርሞን ቀድሞ ከፍ ይላል። ከፍ ሲል አንቂውን ኢንዛይም ያፍነዋል። እንግዲህ በሽተኛው ምንም ሳይሰማው እንጀራው መቀነስ ጀምሯል። ካልሲትሪዮል ሲያንስ አንጀት ካልሲየም መውሰድ ይቀንሳል፤ የአንገት እጢዎች ይህን አይተው ሆርሞናቸውን ያበዛሉ፤ ኩላሊት ትእዛዙን መፈጸም ስላቃተው እጢዎቹ ከአጥንት ካልሲየም መዝረፍ ይጀምራሉ። አጥንት ይሳሳል፣ ይሰበራል። የተነቀለው ካልሲየምና ያልወጣው ፎስፌት ደግሞ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ። የእጥበት ሕሙማንን ከኩላሊታቸው ይልቅ ልባቸው የሚገድላቸው በብዛት መሆኑ ከዚህም ጋር የተያያዘ ነው።

ፕሮቲን በሽንታቸው የሚፈስባቸው ሕሙማን ላይ ሌላ ችግር ይታከላል። ካልሲዲዮል በደም ውስጥ የሚጓዘው አንድ ፕሮቲን ተሸክሞት ነው። ጤነኛ ኩላሊት ይህን ፕሮቲን ከነሸክሙ ከተጣራው ውኃ ውስጥ መልሶ ይይዘዋል፤ ሜጋሊን የሚባል ተቀባይ አለው። ኩላሊቱ ሲጎዳ ግን ፕሮቲኑ ከነሸክሙ በሽንት ይሄዳል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች እንጀራ ብቻ ሳይሆን ዱቄቱም ያንሳቸዋል።

ስለ ደም ምርመራ ቃል ገብቼ ነበር። በላቦራቶሪ «ቫይታሚን ዲ» ተብሎ የሚለካው ካልሲዲዮል ነው፤ ማለትም ዱቄቱ። ለጤነኛ ሰው ይህ ተገቢ መለኪያ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ዱቄቱ በቂ ነው የሚል ውጤት ይዞ የወጣ ሰው እንጀራ ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ካልሲየሙን፣ ፎስፌቱንና የፓራታይሮይድ ሆርሞኑን አብሮ ያያል። ቫይታሚን ዲ አንሷል ተብሎ ብቻ በብዛት የሚሰጥ መድኃኒት፣ ወይም ደኅና ነው ተብሎ ብቻ የሚተው ሕክምና፣ ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ካልሲትሪዮሉን ራሱን መስጠትስ? ለእጥበት ሕሙማን ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ ከባድና እየባሰ የሚሄድ የእጢ ሆርሞን መብዛት ላለባቸውም ይሰጣል። ነገር ግን በ2017 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ እጥበት ላልጀመሩ ሕሙማን ሁሉ እንደ ዘልማድ እንዳይሰጥ ይመክራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሰውነትን ጠባቂ አልፎ በቀጥታ የሚገባ ሆርሞን ካልሲየምን በቶሎ ከፍ ያደርጋል። የታዘዘለት ሰው ደሙን በየጊዜው መለካት አለበት። ለጎረቤት የታዘዘ ካልሲትሪዮል መዋስ ፈጽሞ አይገባም።

ንቅለ ተከላ ከተሳካ ደግሞ አዲሱ ኩላሊት የማጣራት ሥራውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ኢንዛይም ይዞ ይመጣል። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 ከተከናወነ ወዲህ፣ ከዘመድ ኩላሊት የተቀበሉ ወገኖቻችን አንቂውን ኢንዛይምም አብረው ተቀብለዋል።

እንግዲህ «ኩላሊትን ያድናል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከባዶ አልመጣም፤ ከእውነተኛ ሳይንስ ነው የጀመረው። ኩላሊት ሬኒን የሚባል ሌላ ኢንዛይም ወደ ደም ይለቅቃል፤ ይህ ኢንዛይም ደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን ሰንሰለት ይጀምራል። በ2002 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያን ቹን ሊና ባልደረቦቹ የቫይታሚን ዲ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ሬኒናቸው ከፍ እንደሚል፣ ግፊታቸውም እንደሚጨምር አሳዩ። ካልሲትሪዮል ሬኒንን ይገታል ማለት ነው። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ሬኒንን መግታት ኩላሊትን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና። በዚያ ላይ ብዙ የኩላሊት ሕሙማን ቫይታሚን ዲ ያንሳቸዋል። ሁለቱን አጋጥሞ «እንስጣቸው፣ ይድናሉ» ማለት ቀላል ነበር።

ሰዎች ላይ ሲፈተን ግን ተስፋው አልያዘም። በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን 1,312 ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታተለ። ዕጣ የወጣላቸው በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ሌሎቹ ባዶ ክኒን ወሰዱ። በመጨረሻ የሁለቱ ወገኖች ኩላሊት የደከመበት ፍጥነት ልዩነት አልነበረውም። በጃፓን በእጥበት ላይ ላሉ ሕሙማን ንቁ የቫይታሚን ዲ መድኃኒት ተሰጥቶ በ2018 የወጣው ውጤትም የልብ በሽታን እንዳልቀነሰ አሳየ። ጉድለት ያለበትን ሰው ጉድለቱን መሙላት ተገቢ ነው፤ አጥንቱን ይጠብቅለታል። ኩላሊቱን ያድንልኛል ብሎ መስጠት ግን ማስረጃ የለውም። የዛሬው ብይኔ ይህ ነው፤ ሳላመነታ እናገረዋለሁ።

በብይኔ እንድጸና የሚያደርገኝ የጉዳቱ ክብደት ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው 600 ዩኒት ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ 800። ያለ ሐኪም ክትትል መታለፍ የሌለበት ጣሪያ 4,000 ነው። አሁን አስቡ፤ በአንድ አምፑል 300,000 ዩኒት የያዘ መርፌ አለ። አንዱ አምፑል የ500 ቀን መጠን ነው። ድካም ስለተሰማው ብቻ፣ ምንም ሳይለካ፣ ይህን በየወሩ የሚወጋ ሰው አለ። በሳምንት አንዴ የሚዋጠውን 50,000 ዩኒት ክኒን በየቀኑ የሚውጥም አለ። ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም ስህተቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ ለወራት አይወጣም። ካልሲየም ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዳው ኩላሊት ነው፤ ሽንቱን ማወፈር ያቅተዋል፣ ሰውየው ሽንት ያበዛል፣ ይጠማዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ውኃው ከሰውነቱ ያልቃል፤ ካልሲየሙ ኩላሊት ውስጥ ይዘቅጣል፣ ጠጠር ይሆናል። ኩላሊቱን ለማዳን የወሰደው ነገር ኩላሊቱን ይዘጋዋል። «ቫይታሚን ነው፣ ምን ይጎዳል» የሚለውን አነጋገር ከቤታችን እናውጣው።

በተለይ ለአገራችን የሚበጅ አንድ ነገር ልጨምር። አንቂው ኢንዛይም ከኩላሊት ውጭም አለ፤ በሽታ በሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ። እነዚህ ሕዋሳት ግን የአንገት እጢዎችን ትእዛዝ አይሰሙም። በ1981 ሁለቱም ኩላሊቶቹ የሌሉት፣ ሳርኮይዶሲስ የሚባል በሽታ ያለበት ሰው ደሙ በካልሲትሪዮልና በካልሲየም ሞልቶ ተገኘ፤ ምንጩ እነዚሁ ሕዋሳት ነበሩ። ሳንባ ነቀርሳም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ቫይታሚን ዲ በብዛት ከመውሰዱ በፊት ካልሲየሙ መለካት አለበት።

ይህን ሁሉ ስል ጉድለቱ ቀልድ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድሽ የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ያደረጉትና በ1997 ላንሴት ላይ የታተመው ጥናት ሁልጊዜ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከ5 ዓመት በታች የሆኑ፣ የሳንባ ምች ይዟቸው ከተኙ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት ሌሎች 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ሁሉ ተሰልተው እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ 13 እጥፍ ነበር። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለባት አገር! በአዳማና በዙሪያው ባሉ ተማሪዎች ላይ በ2015 የታተመ ጥናትም እንዲሁ ከከተማዎቹ ልጆች ከመቶ 61.8፣ ከገጠሮቹ ከመቶ 21.2 ያህሉ ቫይታሚን ዲ እንደጎደላቸው አሳይቷል። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ቆዳው ፀሐይ ያገኛል፤ የከተማው ልጅ ከክፍል ወደ ሳሎን ነው።

ሕፃናትን ምች እንዳይመታቸው፣ ዓይነ ጥላ እንዳያርፍባቸው እያልን ሸፍነን ጓዳ እናቆያቸዋለን። ፀሐይ የምናሞቃቸውም በመስኮት መስታወት በኩል ነው። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር መስታወት አያልፍም። ማለዳ ገና ጥላችን ከቁመታችን ረዝሞ ሳለም ጨረሩ ደካማ ነው። ረፋድ ላይ ጥላ ሲያጥር፣ እጅና እግር ተገልጦ ለጥቂት ደቂቃ ደጅ መውጣት ይበቃል፤ ቆዳ እስኪቀላ ወይም እስኪቃጠል መቆየት አያስፈልግም። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ከፀሐይ ይጠበቁ፣ ጉድለታቸው በመድኃኒት ይሞላ። የፀሐይ በጎነቷ ደግሞ ይህ ነው፤ ቆዳ የሠራው ሲበዛ ያው ፀሐይ ራሷ ወደማይሠራ ውሁድ ትለውጠዋለች። በፀሐይ ብቻ በቫይታሚን ዲ የተመረዘ ሰው የለም። በሰሜን አውሮፓና በአሜሪካ ክረምት የሚኖሩ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩ እህቶቻችን ግን ይህን ፀሐይ አያገኙም፤ ለእነርሱ በየቀኑ የሚወሰደው መጠነኛ ክኒን አስፈላጊ ነው።

ከሁሉ በላይ ኩላሊትን የሚገድሉት ሌሎች ናቸው፤ ያልታከመ ደም ግፊት፣ ያልተገታ ስኳር፣ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ እየተገዛ በየቀኑ የሚዋጠው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ወገቡን አሞት ቫይታሚን ዲ በአንድ እጁ፣ ዲክሎፌናክ በሌላ እጁ የሚወስድ ሰው አያለሁ፤ አጥንቱን ልጠብቅ ብሎ ኩላሊቱን እያስረከበ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በቤታችሁ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት፣ በእጥበት ላይ ያለ ዘመድ ያለው ወይም ከ60 ዓመት ያለፈ ሰው ካለ በዚህ ወር ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ግፊቱ ይለካ፤ በደሙ ክሪያቲኒን፣ በሽንቱ ፕሮቲን ይታይ። ቫይታሚን ዲ ይወሰድ ወይስ አይወሰድ የሚለውን ጥያቄ ውጤቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ሐኪሙን ጠይቁት።